ባለፓምፕ 22 ጠመንጃ ፍለጋ፦ ተገቢው ዋጋ ስንት ነው?

የማናሳሱ_አባት (ቨርጂኒያ) · ቅዳሜ ማታ

ሰላም ወገኖቼ። እዚህ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።

የ13 ዓመት ልጅ አለኝ። ካለፈው በጋ ጀምሮ ወደ ተኩስ ሜዳ አብረን እንሄዳለን። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ የድሮ ዊንቸስተር ባለፓምፕ 22 (ትንሿን የ.22 ጥይት የምትተኩስ ጠመንጃ) ይዘው መጡና ልጄን አስተኮሱት። የፊት እጀታዋን ወደ ኋላ ሲስባት ቀለሃው ዘሎ ይወጣል። ወደ ፊት ሲገፋት አዲሷ ጥይት ትጎርሳለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጁ ሌላ ወሬ የለውም። እውነቱን ለመናገር እኔም የለኝም።

ትናንት አንድ ፓውን ሾፕ (ዕቃ አስይዘው የሚበደሩበት፣ ያገለገለ ዕቃም የሚሸጥበት ሱቅ) ገብቼ ዊንቸስተር ሞዴል 62ኤ አየሁ። 950 ዶላር ተለጥፎባታል። ሻጩ «ዛሬ ካልወሰድካት አታገኛትም፣ እንደዚህ ዓይነት ዕቃ አልቋል» አለኝ። እኔ ያሰብኩት ግን 500 ዶላር ነው። በአምስት መቶ ጥሩ ባለፓምፕ 22 ይገኛል? ወይስ ትንሽ ልቆጥብና ይህችኑ ልውሰድ? የምታውቁ ምከሩኝ።

---

ዝምተኛው_ኢላማ (ፔንሲልቬንያ) · ቅዳሜ ማታ

እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። ከዋጋው በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ልትተኩስባት ነው ወይስ ልትሰበስባት? የዋጋው ነገር የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ቀለሟ ሳይነካ፣ ብሎኗ ሳይፋቅ ለቆየች 62ኤ ሰብሳቢ ሰው 950 ቢከፍል አልፈርድበትም። ቆርቆሮ ለሚመታ የ13 ዓመት ልጅ ግን ያ ቀለም ምን ያደርግለታል? በመጀመሪያው ወር ይቧጠጣል።

ስለ ዘሯ ትንሽ ልንገርህ፣ ሱቅ ስትገባ ይጠቅምሃል። የዚህች ቤተሰብ እናት ሞዴል 1890 ናት። ጆን ብራውኒንግና ወንድሙ ማቲው ናቸው የነደፏት። እስከ 1932 ድረስ ከ800 ሺህ በላይ ተሠርታለች። አፈሙዟ ባለ ስምንት ማዕዘን ሆኖ 24 ኢንች ይረዝማል። አንድ ጠባይ አላት፤ እያንዳንዷ የምትጎርሰው አንድ ዓይነት ጥይት ብቻ ነው። የ22 ጥይት በርዝመት ሾርት፣ ሎንግ፣ ሎንግ ራይፍል እየተባለ ይለያል። ሾርት የተባለችው ሾርት ብቻ፣ ሎንግ ራይፍል የተባለችው ያንኑ ብቻ። የትኛው እንደሆነ አፈሙዟ ላይ ተቀርጿል። ይህን ሳያነብ ገዝቶ ቤቱ ሲደርስ ያዘነ ሰው አውቃለሁ።

ከዚያ በ1906 አጠር ያለች፣ ክብ አፈሙዝ ያላት፣ ዋጋዋም ዝቅ ያለ እህቷ መጣች። ስሟም 1906 ነው። ከ1908 ጀምሮ ሾርት፣ ሎንግ እና ሎንግ ራይፍልን ቀላቅላ የምትተኩስ ሆነች። በ1932 ሁለቱን ተክታ 62 ወጣች፣ እስከ 1958 ተሠራች። በዚያው በ1932 መዶሻዋ ከውስጥ የተደበቀች ሞዴል 61 ወጥታ እስከ 1963 ቆይታለች። የ61 ዋጋ ብዙ ጊዜ ከ62 ይበልጣል።

አሁን ወደ ሻጩ ቃል ልመለስ። 62 ከ400 ሺህ በላይ ተሠርታለች። በየሳምንቱ የሆነ ቦታ አንዷ ትሸጣለች። ስለዚህ አትቸኩል። የሚያስወድዳት ስሟ ነው። ያልተነካች ስትሆን ደግሞ ይብሳል። ለስሙ መክፈል ካልፈለግክ ሬሚንግተንን ተመልከት። ሞዴል 12 ከ1909 እስከ 1936 ተሠርታለች፣ ነዳፊዋ ጆን ፔደርሰን ነው። ከእሷ ቀጥላ 121 መጣች። ከ1955 ጀምሮ ደግሞ 572። እነዚህ ሥራቸው ከዊንቸስተር አያንስም። ዋጋቸው ግን ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ዝቅ ያለ ነው።

---

የዳላስ_ፀሐይ (ቴክሳስ) · ቅዳሜ ሌሊት

እኔ በዚህ አልስማማም። ሰማንያ ዓመት ያለፋት ጠመንጃ ውስጥ ምን እንዳለ ማን ያውቃል? አዲስ ግዛ። ሄንሪ ባለ ስምንት ማዕዘን አፈሙዝ ባለፓምፕ ይሠራል። 16 ጥይት ትይዛለች። እኔ ከነታክሱ 600 ዶላር አካባቢ ከፍዬ አውጥቻታለሁ። ዋስትና አላት፣ ችግር ካለ ለፋብሪካው መልሰህ ትልካለህ። ገንዘቡ ካነሰህ ሮሲ አለልህ። የብራዚል ሥራ ነች፣ ስሪቷ የዊንቸስተር 62 ግልባጭ ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ጋለሪ በሚል ስም አዲስ አውጥተዋል፣ ዋጋዋ ከሄንሪ በደንብ ይቀንሳል።

አባትና ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ሊተኩሱ ነው። ከጥገና ጋር መታገል ምን አመጣው?

---

ሰደፍ_አናጺ (ዴንቨር) · እሑድ ጠዋት

የዳላሱ ወንድማችን ያለው አንድ እውነት አለው። ሄንሪ ጥሩ ሥራ ነው። ግን «ምን እንዳለ ማን ያውቃል» ላለው እኔ መልስ አለኝ። የሚያይ ሰው ያውቃል። ትርፍ ሰዓቴን አሮጌ 22 በመጠገን ነው የማሳልፈው። ሱቅ ውስጥ በአስር ደቂቃ የምትችለውን ልንገርህ።

መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቅ። ባዶ መሆኗን ራስህ በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ከአፈሙዙ ሥር ባለው የጥይት ቱቦ ውስጥ የተደበቀች ጥይት ልትኖር ትችላለች፣ የውስጡን ዘንግ አውጥተህ እይ። ከዚያ ትንሽ ባትሪ ይዘህ አፈሙዙን ውስጡን ተመልከት። ጠመዝማዛዎቹ ቦዮች ጠርዛቸው ጥርት ብሎ ከታየህ ጥሩ ነው። ጨለም ያለ፣ የተነቃቀለ መሬት የሚመስል ከሆነ ዝገት በልቶታል። የድሮዎቹ ጥይቶች ማቀጣጠያ ጨው ይተው ነበር። ተኩሶ ሳያጸዳ የተኛ ሰው ጠዋት ዝገት ይጠብቀዋል። ዝገት የማያመጡት ጥይቶች የመጡት በ1920ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። ስለዚህ በ1890 እና በ1906 ላይ የተበላ አፈሙዝ ብዙ ታገኛለህ። ውጭዋ የሚያብረቀርቅ፣ ውስጧ የሞተ።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያየው ነው። 22 ሪምፋየር ጥይት ናት፣ የምትመታው ጠርዟ ላይ ነው። ጥይት ሳይኖር ምላጭ በተሳበ ቁጥር መቺዋ መርፌ የምታገኘው ባዶ ብረት ነው። ይኸውም ጥይቷ የምትቀመጥበት የጠመንጃዋ ጉሮሮ አፍ ጠርዝ። በዓመታት ውስጥ እዚያ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ይፈጠራል፣ ብረቱም ወደ ጉሮሮው ውስጥ ያብጣል። ከዚያ ጥይት አልገባ ይላል፣ ቀለሃም አልወጣ ይላል። በባትሪ ስታይ በጉሮሮው አፍ ጠርዝ ላይ የጥፍር ምልክት የምታህል ጠባሳ ካለች እሷ ናት። በልዩ መሣሪያ ገፍቶ ማስተካከል ይቻላል፣ ግን ያ ከዋጋው መቀነስ አለበት።

ሦስተኛ፣ መዶሻውን ወጥረህ የፊት እጀታውን ሳብ። መከፈት የለበትም። ከተከፈተ መቆለፊያው አልቋል፣ ተዋት። ለሁለት የሚፈታ ዓይነት ከሆነ አፈሙዝና ሰደፉን ይዘህ በቀስታ አወዛውዝ። ክፍተት ካለ ትሰማዋለህ። ከአፈሙዙ ሥር ያለውን ቱቦ በጣትህ ዳብሰው፣ ከተቆለመመ ጥይት ይይዛል። በመጨረሻ ብሎኖቹን ተመልከት። ራሳቸው ከተፋቀ ከእኔ በፊት የሆነ ሰው በቢላ ፈቷታል ማለት ነው።

አንድ የጥንቃቄ ቃል ልጨምር። በነ1890፣ 1906 እና 62 ላይ ምላጩን እንደያዝክ እጀታውን ወደ ፊት ብትገፋ ጠመንጃዋ ወዲያው ትተኩሳለች። የሮሲዋንም እንደዚያው በጥንቃቄ ያዝ። ለልጅህ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ንገረው። ጣቱ ከምላጩ ውጭ፣ ከዚያ እጀታ።

---

እናት_ሚኒያፖሊስ (ሚኒሶታ) · እሑድ ከሰዓት

አናጺ፣ እጅህ ይባረክ። ይህን ከሦስት ዓመት በፊት አግኝቼ ባነበብኩት ኖሮ!

የኔን ልንገራችሁ። አንድ የጠመንጃ ትርዒት ላይ 1906 ገዛሁ። 800 ዶላር። ጥቁር ሰማያዊው ቀለሟ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። ሰውዬው «ከአያቴ የመጣች፣ ያልተነካች» አለኝ። ወድጄ፣ ተደስቼ ወሰድኳት። አንድ የሚያውቅ ሰው ሲያያት በአንድ ደቂቃ ነው የነገረኝ። ቀለሟ በቅርብ የተቀባ ነው። የፋብሪካው ጽሑፍ ጠርዙ ደብዝዟል፣ ከመቀባቱ በፊት ተሞርዷልና። የብሎኖቹ ቀዳዳ ዙሪያ እንደ ሳህን ጎድጉዷል። የስምንት መቶ ዶላር ጠመንጃ ሳትሆን የአራት መቶ ሆነች። ለሰውየው ደወልኩ፣ ስልክ አላነሳም። በጣም ነው የተናደድኩት። ገንዘቡ ብቻ አይደለም የቆጨኝ። «አያቴ» የሚለውን ቃል አምኜ ነበር።

ስለዚህ የማናሳሱ ወንድሜ፣ የሚያብረቀርቅ አሮጌ ዕቃ ስታይ ቶሎ አትደሰት። በጎኖቿ ላይ ትንሽ የተፈገፈገች፣ እጅ የነካት ቦታ ነጣ ያለች፣ ግን ጽሑፏ ስለት ያለው፣ ብሎኗ ንጹሕ የሆነች ትሻላለች። እሷ አትዋሽህም።

አሁን ከልጄ ጋር የምንተኩሰው በሬሚንግተን 572 ነው። መካከለኛው ገላዋ አሉሚኒየም ስለሆነ ቀላል ናት። ሾርትም ሎንግም ሎንግ ራይፍልም ትበላለች። ከላይ ስኮፕ (የማነጣጠሪያ መነጽር) የሚገባበት ቦይ አላት፣ እኔ ግን ያለ ስኮፕ ነው የምወዳት። 360 ዶላር ነበር የከፈልኩት። ልጄ ልጅ እያለች ቶሎ ትደክም ነበር፣ በዚህች ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ትተኩሳለች።

---

አዲስ_ግሪንካርድ (ቨርጂኒያ) · እሑድ ማታ

ይቅርታ፣ በሰው ጥያቄ መሐል ገባሁ። ግሪን ካርድ ካገኘሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። እኔ መግዛት እችላለሁ? ወይስ ዜጋ የሆነው አጎቴ ቢገዛልኝ ይሻላል?

---

አሮጌው_ምንሽር (ኦሃዮ) · እሑድ ማታ

ልጄ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው፣ በጊዜ መጠየቅህም ጥሩ ነው። አጎትህ እንዳይገዛልህ። በአንተ ገንዘብ እሱ ገዝቶ ለአንተ ቢሰጥ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። ከነጋዴ ስትገዛ የምትሞላው የፌዴራል ቅጽ፣ ፎርም 4473 ላይ፣ አዎ ወይም አይደለም ከሚባሉት የመጀመሪያው ጥያቄ «እውነተኛው ገዢ አንተ ነህ ወይ?» ይላል። በሐሰት «አዎ» ብሎ መፈረም ሁለታችሁንም ያስቀጣል። ሰው በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ስጦታ ቢሰጥ ሌላ ነገር ነው፣ ይፈቀዳል። የአባት ለልጅ ስጦታም እንደዚያው።

ቋሚ ነዋሪ በራሱ ስም መግዛት ይችላል። ፈቃድ ያለው ነጋዴ ዘንድ ትሄዳለህ። አሁን የምትኖርበት አድራሻ ያለበት መታወቂያ ታሳያለህ፣ ፎርሙ ላይ የኢሚግሬሽን ቁጥርህን ትሞላለህ፣ ባክግራውንድ ቼክ (የኋላ ታሪክ ምርመራ) ይደረግልሃል። ለረጅም ጠመንጃ 18 ዓመት ይበቃል። በተማሪነት ወይም በጉብኝት ቪዛ ያለ ሰው ግን በጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆነ አይፈቀድለትም። አንድ ቤት ስለምትኖሩ «ያው ነው» ብለህ ለእንግዳ እንዳትሰጥ።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም አንሥቶት ስለማላውቅ ላንሣው። ፎርሙ የተከለከለ ዕፅ ትጠቀማለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። የእኛ ሰው ይህን ሲያነብ ስለ ማሪዋና ብቻ ያስባል። ማሪዋና ክልሉ ቢፈቅደውም በፌዴራል ዘንድ ክልክል ነው፣ ፎርሙ ራሱ ይህን ጽፎታል። ጫትስ? በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የተከለከለ ዕፅ ነው። አገር ቤት ገበያ ላይ የሚሸጥ ነገር ስለሆነ ብዙ ልጆች ይህን አያስተውሉም። የሚቅም ሰው ጠመንጃ አይግዛ፣ ጠመንጃ የሚፈልግ ሰው አይቃም። በዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ለማናሳሱም አንድ ቃል። እኔ ያደግኩት ምንሽርና ውጅግራ ባለበት ቤት ነው። አባቴ ጠመንጃ ሲያይ ሰደፏን ጨርሶ አይመለከትም ነበር። አፈሙዟን ወደ ፀሐይ አዙሮ ከኋላ ውስጧን ያያል። ከዚያ በኋላ ነው ዋጋ የሚጠይቀው። አንተም እንደዚያ አድርግ።

---

የማናሳሱ_አባት · ማክሰኞ ማታ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁላችሁም አመሰግናለሁ። ዛሬ ከሥራ በኋላ ባትሪ ይዤ ወደ ፓውን ሾፑ ተመለስኩ።

62ኤዋን እንደነገራችሁኝ አየኋት። አፈሙዟ ውስጡ ንጹሕ ነው። ግን አናጺ ያላት ጠባሳ በጉሮሮው ጠርዝ ላይ አለች፣ በግልጽ ትታያለች። ሁለት ብሎኖቿም ራሳቸው ተፍቋል። ለሻጩ በትሕትና አሳየሁት። ፊቱ ተለወጠ፣ ዝም አለ፣ ከዚያ «850» አለኝ። አመስግኜ ተውኳት።

ከዚያ ሌላ ሱቅ፣ ከቤቴ አርባ ደቂቃ፣ ሬሚንግተን 572 አገኘሁ። 449 ለጥፈውባታል። አፈሙዟ ያበራል። ጉሮሮዋ ላይ ምንም የለም። እጀታዋ ሲሳብ እንደ ቅቤ ነው። ሰደፏ ላይ ሁለት ሦስት ጭረት አለ። የኋላ ማነጣጠሪያዋ ከፍ ዝቅ የሚያደርጋት ትንሿ ባለ ደረጃ ብረት ጠፍታለች።

ግን አንድ ነገር አስፈራኝ። መለያ ቁጥር የላትም! ከላይ እስከ ታች ፈለግኩ። ሻጩ «ችግር የለውም» አለኝ። ችግር የሌለው እንዴት ነው? ቁጥር የሌለው ጠመንጃ ይዤ ፖሊስ ቢያገኘኝስ? አስቀምጡልኝ ብዬ ወጣሁ። እስከ ሐሙስ ይጠብቁኛል።

---

ዝምተኛው_ኢላማ · ማክሰኞ ሌሊት

መፍራትህ ጥሩ ነው፣ ግን ሻጩ እውነቱን ነው። ከ1968ቱ የፌዴራል ጠመንጃ ሕግ በፊት 22 ሪምፋየር ረጅም ጠመንጃ ላይ ቁጥር የማድረግ ግዴታ አልነበረም። የድሮዎቹ 572 ብዙዎቹ ያለ ቁጥር ነው ከፋብሪካ የወጡት። ነጋዴው ፎርሙ ላይ «መለያ ቁጥር የለም» ብሎ ይጽፋል፣ ሕጋዊ ነው።

ልዩነቱን ግን በደንብ እወቅ። ቁጥር ኖሮት የተፋቀ፣ የተሞረደ ወይም የተቀጠቀጠ ከሆነ አትንካው፣ ያ ከባድ ወንጀል ነው። ቁጥር ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ላይ የሞረድ ምልክት ወይም ያልተስተካከለ ብረት ካየህ ውጣ። ዊንቸስተር ደግሞ 61ንም 62ንም ቁጥር ሰጥቶ ነው ያወጣቸው። ስለዚህ ቁጥር የሌላት 62 ቢያሳዩህ ወዲያው ተመለስ።

ያንተዋ መቼ እንደተሠራች ማወቅ ይቻላል። አፈሙዟ ላይ በግራ በኩል፣ ከመካከለኛው ገላ አጠገብ፣ ትንንሽ ፊደሎች ተመትተዋል። የመጀመሪያው ፊደል ወሩን ይናገራል። ሬሚንግተን ለ12ቱ ወሮች «ብላክ ፓውደር ኤክስ» የሚለውን ቃል 12 ፊደሎች ነው የተጠቀመው። ቢ ጃንዋሪ፣ ኤል ፌብሩዋሪ፣ ኤ ማርች፣ እያለ ኤክስ ዲሴምበር ላይ ያልቃል። ቀጥሎ ያለው ምልክት ዓመቱ ነው፣ ለእሱ ሰንጠረዥ አለ፣ ፎቶ ላክልኝና እነግርሃለሁ። ከ1968 በፊት ከሆነች የቁጥሩ ጉዳይ እዚያው አለቀ።

---

የዳላስ_ፀሐይ · ረቡዕ ጠዋት

572 ከሆነች እኔም አልቃወምም። ግን 449 ይበዛል። ኢንተርኔት ላይ በ600 የለጠፉ አሉ፣ እነሱን አይተህ «ርካሽ ናት» እንዳትል። ሰው የለጠፈው ምኞቱን ነው። በጨረታ ድረ ገጾች ላይ የተጠናቀቁትን ሽያጮች ለይተህ እይ። ለምሳሌ ገንብሮከር ላይ ተመዝግበህ ስትገባ የተዘጉትን ጨረታዎች ታገኛለህ። ገዢ ያልቀረበባቸውንም እይ። በስንት እንዳልተሸጠች ማወቅም ይጠቅማል።

---

ዝምተኛው_ኢላማ · ረቡዕ ጠዋት

ልክ ነው። ግን ስታወዳድር ሙሉውን ወጪ አወዳድር። በኢንተርኔት 320 ያሸነፍካት ጠመንጃ በቀጥታ ቤትህ አትመጣም፣ በአቅራቢያህ ላለ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ነው የምትላከው። መላኪያ 35 በል። ነጋዴው ወረቀቱን ለማስጨረስ 40 ይወስዳል በል። 395 ደረሰች፣ ታክስ ሳይጨመር። ያውም አፈሙዟን ሳታይ። በአካል የሚደረጉ ጨረታዎች ደግሞ በአሸነፍክበት ዋጋ ላይ የገዢ ክፍያ የሚጨምሩ አሉ፣ እጅ ከማንሣትህ በፊት ስንት ከመቶ እንደሆነ ጠይቅ።

ስለዚህ እጅህ ላይ ያለች፣ ባትሪ ያበራህባት፣ ጉሮሮዋን ያየህላት 572 እስከ 400 ብትከፍልባት አልተበላህም። ማነጣጠሪያዋ የጎደለ መሆኑን አንሣ። ጥሬ ገንዘብ ይዘህ ሂድ። ቁጥርህን አንዴ ተናገርና ዝም በል።

---

እናት_ሚኒያፖሊስ · ረቡዕ ከሰዓት

ዝም በል ያለው ትልቅ ምክር ነው። እኛ ሐበሾች ዋጋ ጠርተን ዝም ማለት ይከብደናል። «ይቅርታ፣ ካልሆነም ችግር የለውም» ብለን በራሳችን ላይ እንጨምራለን።

---

ሰደፍ_አናጺ · ረቡዕ ማታ

የጠፋችውን ባለ ደረጃ ብረት አታስብባት። አሮጌ መለዋወጫ የሚሸጡ ዘንድ በጥቂት ዶላር ትገኛለች። ስታዝ ግን ያንተዋን ማነጣጠሪያ ስፋት ለካ፣ ሁሉም አንድ አይደሉም። የ572 ትልቁ መለዋወጫ ግን እያነሰ ነው። በ2020 ኩባንያው ከስሮ ንብረቱ ሲከፋፈል ምርቷም ቆመ። ስለዚህ አሁን ያልተሰበረችውን መምረጥህ ጥሩ አደረግህ።

ባዶዋን ምላጭ እየሳብክ አትጫወትባት። ልጅህንም አስተምረው።

---

የማናሳሱ_አባት · ሐሙስ ማታ

ወገኖቼ፣ ገዛኋት!

ፊደሎቹን በአጉሊ መነጽር አየን። የመጀመሪያው ዲ ነው፣ ሴፕቴምበር። የዓመቱን ምልክት ዝምተኛው ከሰንጠረዡ ፈልጎ ነገረኝ፣ 1966። ከሕጉ ሁለት ዓመት ትቀድማለች። ገላዋን በባትሪ ዞሬ አየሁት፣ የሞረድ ምልክት የለበትም።

ለሻጩ ማነጣጠሪያዋን አሳየሁት። «375 ጥሬ ገንዘብ» አልኩና ዝም አልኩ። ረጅም ዝምታ ነበር። እሱ «400» አለ። አሁንም ዝም አልኩ። «385» አለና እጁን ዘረጋ። የእኛ አካባቢ የሽያጭ ታክስ 6 ከመቶ ነው፣ 23 ዶላር ከ10 ሳንቲም ሆነ። ለክልሉ ፖሊስ ምርመራ 2 ዶላር። በጠቅላላው 410 ዶላር ከ10 ሳንቲም ከፍዬ ወጣሁ። ምርመራው ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀ። ከተረፈኝ ገንዘብ መቆለፊያና የማጽጃ ዘንግ ገዛሁ፣ 500 ጥይትም ጨመርኩ። እንዲያም ሆኖ ከአምስት መቶ አላለፍኩም።

ጠመንጃዋ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፋለች፣ ጥይቱ ሌላ ክፍል ነው። በቨርጂኒያ የጎረሰ ጠመንጃ ከ14 ዓመት በታች ላለ ልጅ በሚያሰጋ ሁኔታ በቸልታ መተው ያስቀጣል። ሕጉ ባይኖርም ያንኑ ነበር የማደርገው። ታናሽ እህቱ ስድስት ዓመቷ ነው።

አዲስ_ግሪንካርድ፣ ማናሳስ ቅርብህ ከሆነ ጻፍልኝ። ሱቁን አሳይሃለሁ።

---

አሮጌው_ምንሽር · ዓርብ ጠዋት

እንኳን ደስ ያለህ ልጄ። ልጅህ ከተኮሰ በኋላ የነካውን ብረት ሁሉ በዘይት ጨርቅ ይወልውል። የልጅ እጅ ላብ አለው፣ ብረት በላብ ይዝጋል። መወልወሉን አንተ አትሥራለት። ኢላማውን የመታበትን ወረቀት ደግሞ ፎቶ አንሥተህ ላክልን።

---

የማናሳሱ_አባት · እሑድ ማታ

ጋሼ፣ ይኸው ፎቶው። በ25 ያርድ፣ አሥር ጥይት። ማነጣጠሪያዋ ገና ስላልተስተካከለ ሁሉም ወደ ታች ወርደዋል። ግን ስምንቱ በአንድ የቡና ስኒ አፍ ውስጥ ናቸው። ከሜዳ ስንመለስ መኪና ውስጥ ጨርቁን ከእጁ አልለቀቀም። የታዘዘችው ብረት በሚቀጥለው ሳምንት ትደርሳለች።